ትንሽ የሚቀራት መዝሪያ

በየመንደሩ ተሠርቶ ያለቀን ነገር ዝም ብሎ ማየት የማይችል አንድ ሰው አለ። የሌለበት መንደር ካለ ንገሩኝና የእኛን ላበድራችሁ። ቄስ የሌለው ቀበሌ አይቻለሁ፤ ጤና ጣቢያ የሌለውንማ ተዉት። አሻሻይ የሌለው ቀበሌ ግን አላየሁም።

የእኛው ክቡር ኢንጂነር ምንዋጋው ደግሰው ይባላል። ከሰቆጣ ወደ ደሃና በሚወስደው መንገድ ወርዳችሁ ስሙን ብትጠሩ፣ ውሻው እንኳ ወደ ቤቱ ያሳያችኋል። ኢንጂነርነቱን የሰጠነው እኛ ነን። ትምህርቱ እስከ አራተኛ ክፍል ነው። እኔ ስድስተኛን ጀምሬ ስለተውኩ በሁለት እበልጠዋለሁ፤ አብሮ አደጌም ስለሆነ ስለ እሱ ባወራ መብቴ ነው።

ምንዋጋው አንድ አባባል አለው። ዕቃውን ያነሳል፣ ያገላብጣል፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ያየዋል፣ ከዚያ "ጥሩ ናት፤ ግን ትንሽ ይቀራታል" ይላል። ስለ ማረሻ ይላል፣ ስለ ወንበር ይላል። ባለቤቱ ደመቀች ወጥ በሠራች ቁጥር ይላታል፤ ሃያ ዓመት በዚህች ቃል ሲጣሉ ኖረዋል። ቀብር ላይ እንኳ፣ ቃሬዛውን ባንድ ጎን ተሸክሞ፣ ሰው ሁሉ እያለቀሰ፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ "ጥሩ ናት፤ ግን እጀታዋ ላይ ትንሽ ይቀራታል" አለኝ። በሳምንቱ እጀታው ላይ ቆዳ ጠቀለለበት። እውነት ለመናገር፣ አሁን ትከሻ አይቆርጥም። ድሮ ቃሬዛ ሲነሳ ወገባቸውን ይዘው ወደ ኋላ የሚቀሩ ሽማግሌዎች ዛሬ "እኔ ልያዝ፣ እኔ ልያዝ" ይላሉ።

የእኔን በርም አሻሽሎልኛል። መቀርቀሪያው ከውስጥ ብቻ ነበር የሚከፈተው። እሱ ገመድ አስሮ ከውጭም እንዲከፈት አደረገው። የገመዱን አሳሳብ ለመልመድ እኔ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ፍየሌ በመጀመሪያው ቀን ቻለችው።

ይህ ሁሉ ግን መዝሪያዋ ሳትመጣ በፊት ነው።

መዝሪያዋን ለቀበሌያችን የሰጠው አንድ ድርጅት ነው። ባለ አንድ ጎማ፣ በእጅ የምትገፋ ብረት ናት። ከላይ የዘር ሣጥን አላት። ከሣጥኑ ሥር ዙሪያዋን የተበሳች ክብ ሳህን አለች። ጎማው ሲዞር ሳህኗም ትዞራለች፣ በየቀዳዳዋ ዘር ጠብ ታደርጋለች። "በመስመር ዝሩ" እያሉ ጉሮሯቸው ለደረቀ የግብርና ሰዎች ከዚህ የበለጠ ስጦታ የለም። ችግሩ፣ ይቺን ዕቃ የሠራት ሰው ድንጋይ አይቶ አያውቅም። የእኛ ማሳ ደግሞ ድንጋይ ሆኖ አፈር የተበደረ ነው። ጎማዋ ድንጋይ ላይ ስትዘል ሳህኗ ቀጥ ትላለች፤ ስትወርድ ያጠራቀመችውን ሁሉ ባንድ ጉድጓድ ታፈስሰዋለች። አንድ ቀን ተሞከረች፣ ከዚያ የቀበሌው መጋዘን ገባች፣ ከዚያ ዶሮ ሣጥኗ ውስጥ እንቁላል መጣል ጀመረች።

ምንዋጋው መጋዘኑ በር ላይ ቆሞ ሲያያት አየሁት። ሰው እንደዚያ የሚያየው ለልጁ ሚስት ሲመርጥ ነው። የግብርና ባለሙያችን ማርታ ከጎጃም ተመድባ የመጣች፣ ልቧ ቀና የሆነ ልጅ ናት።

"ጋሽ ምንዋጋው፣ ይውሰዷት" አለችው። "ግን እባክዎን እንዳይነካኳት።"

"እኔ?" አለ ምንዋጋው። በማግስቱ ግቢው ስገባ አርባ ቦታ ተበትና አገኘኋት።

መጀመሪያ በሰው መገፋቷን ሻረ። ሁለት ረዣዥም እንጨት ቀጥሎ ባለችው አንዲት በቅሎ ላይ ጠመዳት። በቅሎዋ አማርኛ አትሰማም፤ በአገውኛችን በኽምጣና ካልሆነ አትንቀሳቀስም። ስለዚህ ምንዋጋው እሷን በኽምጣና እየለመነ፣ እኔን በአማርኛ እየሰደበ ማሳውን ያዳርሳል። ቀጥሎ ሳህኗን ከጎማው ነጠላት፤ ጎማው እንዳሻው ይዝለል ብሎ። በምትኩ ዘሩን የሚለቅ እጀታ ሠራ፣ ከሣጥኑ ኋላ መቀመጫ አበጀ፣ መቀመጫው ላይ ደመቀችን አስቀመጠ። ሥራዋ በየስንዝሩ እጀታውን መሳብ ነው።

ደመቀች እስክትናደድ ድረስ ጥሩ ሠራች። ምንዋጋው ግን ከፊት ሆኖ ዞር እያለ "አሁን... ቀስ... አሁን... አይ፣ አለፈሽ" ይላታል። በተናደደች ቁጥር እጀታውን ስባ ትይዘዋለች፤ ባኮረፈች ቁጥር ትለቀዋለች። በዚያ ዓመት ማሳውን ያየ ሰው የባልና ሚስቱን ጭቅጭቅ ከነቦታው ያውቀው ነበር። የተናደደችበት ጫካ፣ ያኮረፈችበት መላጣ። በመጨረሻ ወረደችና ነጠላዋን አራገፈች።

"ስማ" አለችው፣ "አባቴ የዳረኝ ለሚስትነት ነው። የማሽን ጥርስ ከፈለግህ ገበያ ሂድ።"

ምንዋጋው ገበያ አልሄደም፤ ሲያስብ ከረመ። "ሰው ይናደዳል፤ ገመድ አይናደድም" ብሎ መጣ። ነገሩ እንዲህ ነው። በየስንዝሩ ቋጠሮ ያለው ረጅም ገመድ ከማሳው ጫፍ እስከ ጫፍ በሁለት ካስማ ይወጠራል። መዝሪያዋ ላይ ሹካ የመሰለች ብረት አለች፣ ገመዱ በሹካዋ መሃል ያልፋል። ቋጠሮ በመጣ ቁጥር ሹካዋን ይመታታል፣ ሹካዋ እጀታውን ትስባለች፣ ዘር ጠብ። አንድ መስመር ሲያልቅ ካስማዎቹን ነቅሎ ወደ ጎን ማሻገር ነው። ሚስት የለ፣ ኩርፊያ የለ።

"ናይለን ግዛ" አልኩት።

"ናይለን ፀሐይ ይበላዋል። ሞፈርና ቀንበር ከአባቶቻችን ጀምሮ በምን ተያይዞ ኖረ?"

"በጠፍር።"

"አልጋህስ?"

"በጠፍር።"

"አየህ። ቆዳ ሰው አያሳፍርም።"

ምን ይመለሳል? በእኛ አገር እንዳይበጠስ የተፈለገ ነገር ሁሉ በጠፍር ነው የሚታሰረው። ምንዋጋው የሚተኙበትን የበሬ ቆዳ ከጠርዙ ጀምሮ እየዞረ፣ እየዞረ ቆርጦ አንድ ረጅም ጠፍር አወጣው። ደመቀች ነገሩን ያወቀችው ልትተኛ ስትል መኝታዋን አጥታ ነው።

አሁን የትናየትን ላምጣት፤ ጨዋታው የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። የትናየት ባሏ ከሞተ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ሁለት ልጆች አሏት፣ በሬ የላትም። በሬ ያለው የራሱን ዘርቶ፣ የዘመዱን ዘርቶ፣ ለእሷ ሲደርስ እርጥበቱ ያልፋል። ዘሯ ደግሞ አንድ ቁና ማሽላ ብቻ ነው፤ ዛላውን ከምድጃ በላይ ጭስ ላይ ሰቅላ ያቆየችው። ከበቀለ ዓመቱን ትገፋዋለች። ካልበቀለ ልጆቿን ይዛ ሰቆጣ ገብታ የሰው ቤት ሥራ መለመን ነው። ሰኔ ላይ የመጀመሪያው ዝናብ በጣለ ማግስት ቁናዋን አቅፋ መጣች።

"ምንዋጋው፣ ይቺ ነገርህ እውነት ትዘራለች? ወይስ መንደሩን ለማሳቅ ነው?"

"ትዘራለች፣ እታለም።"

"ሌላ ዘር የለኝም።"

"አውቃለሁ።"

"አውቃለሁ አትበለኝ። ሌላ ዘር የለኝም ነው የምልህ።"

ምንዋጋው ባርኔጣውን አወለቀ። "ለዚህ ነው ከራሴ በፊት ያንቺን የምዘራው" አላት።

በበነጋታው ካፊያ እያካፋ፣ ግማሹ መንደር እርከኑ ላይ ተደርድሮ ቁጭ አለ። አባ ገብረ ኪዳን "የዘር ጸሎት አለ፤ የማሽን ግን መጽሐፉ ላይ አላገኘሁም" ብለው ለማንኛውም በቅሎዋን ጠበል ረጯት። እኔ ከማሳው ወዲያኛው ጫፍ የካስማ ኃላፊ ሆኜ ተሾምኩ። ሥራዬ ካስማውን ማሻገርና ጠፍሩን መወጠር ነው።

ማሽኗ ሠራች። ልዋሽ አልችልም፣ ቆንጆ አድርጋ ሠራች። ቋጠሮው ቀጭ ይላል፣ ዘር ጠብ ይላል። ጠፍሩ ግን በየመስመሩ ይረግብብኛል። እኔም እስባለሁ፣ ካስማዬን ፈቀቅ አድርጌ እተክላለሁ። ደግሞ ይረግባል፣ ደግሞ እስባለሁ። ከሰዓት በኋላ ዞር ብዬ ሳይ ድንበሩን አልፌ የጎረቤቷ የጌታሰው ማሳ ውስጥ ሃያ እርምጃ ገብቻለሁ። ለምን አልጠረጠርክም ትሉኝ ይሆናል። መሬቱ የጠበበ መሰለኝ። ከወንድሞቼ ጋር ከተካፈልን ወዲህ መሬት ቢጠብ አይደንቀኝም። ጌታሰውም ራሱ ቁጭ ብሎ እያየኝ ነበር፤ የማሽኑ አሠራር መስሎት ዝም አለ።

ሥራው ሲያልቅ የትናየት የሣጥኑን ክዳን አነሳች። የቁናው ሲሶ እንዳለ ነው።

"ይሄ ምንድነው?" አለች። "ለዚህ ማሳ ልክ ነበር እኮ።"

ምንዋጋው ተንበረከከ። የመጀመሪያውን መስመር በጣቱ ጫር ጫር አድርጎ ለካ፤ ስንዝር። የመጨረሻውን ለካ፤ ስንዝር ተኩል፣ እንዲያውም አልፎ። ቆዳ ሲረጥብ እንደሚለጠጥ በሬ ያረሰ ሁሉ ያውቃል፤ ግን ጠፍር የሚያህል ነገር ማን ይጠረጥራል? ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ሁላችንም አባባሉን ጠበቅን። አላላትም። የትናየት የተረፈውን ዘር በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ሄደች።

ክፍተቱን ሄዶ በእጅ መሙላት ይቻል ነበር። ግን ዝናቡ ሦስት ቀን ሙሉ ዶፍ ሆኖ ወረደና እግር የሚያስገባ ጠፋ። ከዚያ ሰማዩ ተዘጋ። በደረቅ አፈር ላይ ዘር መጨመር ደግሞ ዘር ማቃጠል ነው።

መንደሩ "ኢንጂነሩ የሙት ሚስት አስራበ" አለ። ካስማውን ማን እንደተከለ የጠየቀኝ የለም። እኔም ሳልጠየቅ መመለስ አልወድም።

ምንዋጋው ፒንሳውን ግድግዳ ላይ ሰቀለ። በደጄ ሲያልፍ የቤቴ በር ሲጮህ ይሰማል፣ ቀና አይልም። አንድ ጠዋት ደመቀች መጣች።

"ጋሽ ቅጣው፣ ትናንት ወጡን ያለ ጨው አቀረብኩለት። ሆን ብዬ ነው።"

"ምን አለ?"

"በላና 'እግዜር ይስጥልኝ' አለኝ።" ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። "ሃያ ዓመት አብሬው ስኖር እንዲህ አስፈርቶኝ አያውቅም።"

በሦስተኛው ሳምንት የሁላችንም ማሽላ ቅጠሉን መጠቅለል ጀመረ። አጠጋግተን የዘራነው ቢጫ ሆነ። የትናየት ማሳም የላይኛው ወገን፣ ጠፍሩ ሳይረጥብ የተዘራው፣ ከእኛው ጋር ነደደ። የታችኛው ወገን ግን፣ እኔ ስጎትት የዋልኩበት፣ አረንጓዴ ነው። ለካ ዘሩ ስለተራራቀ፣ ያቺን ትንሽ እርጥበት የሚጠጣት አፍ ጥቂት ነበር። ሰው በመንገድ ሲያልፍ ቆም እያለ ያየው ጀመር። ምንዋጋው ብቻ አልመጣም።

እኔ ሄድኩ። የትናየት ጎንበስ ብላ ታርማለች።

"የትናየት፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ነበር።"

"ካስማውን ነው?" አለች፣ ቀና ሳትል።

"ታውቂያለሽ እንዴ?"

"እርከኑ ላይ ተቀምጬ አልነበር? ጠፍሩን እንደ እምቢተኛ ጥጃ ስትጎትት፣ ጌታሰው ማሳ ድረስ ስትሄድ አይቻለሁ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

"መጀመሪያ የማሽኑ አሠራር መሰለኝ።" ነቅላ የያዘችውን አረም ጣለችው። "በኋላ ደግሞ ስንት ቀን ጥፋትህን እሱን እንደምታሸክመው ልይ ብዬ ነው። ዛሬ ሃያ አንድ ቀንህ ነው።"

እኔም ጎንበስ ብዬ አንድ አረም ነቀልኩ።

"ሂድና ንገረው" አለችኝ። "ነግረኸው ስታበቃ አምጣውና ይሄን ይይ።"

ምንዋጋውን ግቢው ውስጥ እጁን አጣጥፎ አገኘሁት። ሁሉንም ነገርኩት። መዶሻው በቅርቡ ስለነበረ ትንሽ ራቅ ብዬ ነው የነገርኩት። መዶሻውን አንስቶ አገላበጠና መልሶ አስቀመጠው።

"በአንድ እጅ ነው የሳብከው፣ በሁለት?" አለኝ በመጨረሻ።

"በሁለት።"

"እግርህንስ? አስደግፈሃል?"

"ድንጋይ ላይ።"

ተነሳ። ጠፍሩን አወጣ፣ ውሃ ውስጥ ዘፈዘፈ፣ አንዱን ጫፍ ከምሰሶው አሰረ፣ አንዱን ለእኔ ሰጠኝ። ፀሐይ እስክትጠልቅ እኔ ስስብ እሱ ቋጠሮ በስንዝሩ ሲለካ ዋልን።

"ያን ቀን እንዲህ አልነበርክም፤ ጠበቅ አድርግ" ይለኛል።

"ያን ቀን ሰው እያየኝ ነበር" እለዋለሁ። ደመቀች በሩ ላይ ቆማ ትስቃለች።

ዝናቡ ሐምሌ ጋመስ ሲል ተመለሰ። የትናየት ከታችኛው ወገን ያገኘችው ማሽላ ዛላው የሕፃን ጭንቅላት ያክላል። ሰቆጣ አልገባችም። የተረፈውን የቁና ሲሶም ከነቋጠሮው መልሳ ጭሱ ላይ ሰቀለችው።

አጨዳ ሊደርስ ሲል ማርታ ሜትሯንና ደብተሯን ይዛ መጣች። ከአገዳ እስከ አገዳ ለካች፣ ጻፈች፣ ደግሞ ለካች።

"ጋሽ ምንዋጋው፣ ይሄን ርቀት እንዴት አገኙት? እኛ ከምናስተምረው ይሰፋል፤ ለዘንድሮው ዝናብ ግን ልክ እሱ ነበር።"

እኔ የጫማዬን ጫፍ አየሁ። ምንዋጋው በአገጩ ወደ እኔ አመለከተ።

"እኔ አይደለሁም" አለ። "ያገኘው ቅጣው ነው። እሱን ጻፊው።"

ፊቱ ላይ ተንኮል ፈለግሁ። ሠላሳ ዓመት ተንኮል የምፈልግ ሰው ነኝ፣ ካለ አላጣውም። አልነበረም። ሃያ አንድ ቀን የእኔን ጥፋት ተሸክሞ የዞረ ሰው፣ ጥፋቴን አሻሽሎ መለሰልኝ።

ማርታ ስክሪብቶዋን አነሳች። "የአባት ስም?" አለችኝ።

ነገርኳት።