ሰርቨር፣ ቅቤና የመሪጌታ መድኃኒት

የዘንድሮ ዓለም ቤት የሚሠራው ለሰው እንዳይመስላችሁ። ለዳታ ነው። ድሮ የአንድ ሰው መክበር የሚታወቀው በጎተራውና በከብቱ ነበር፤ አሁን የየአገሩ ባለጸጋ የሚፎካከረው «የእኔ ዳታ ማዕከል ካንተ ይበልጣል» እየተባባለ ነው። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉት ደግሞ ከመጣ ወዲህ ትናንት የተሠራው አዳራሽ ዛሬ ጠበበ፣ ዛሬ የተሠራው ለነገ አይበቃም ተባለ። እናንተ የልጃችሁን የክርስትና ፎቶ «ደመና ላይ አስቀመጥኩት» ትላላችሁ። የምን ደመና? ፎቶው ያለው አንድ ቦታ፣ መሬት ላይ፣ ዘበኛ የሚጠብቀው ቤት ውስጥ ነው። እዚያ ያለው ማሽን ሲሠራ ይሞቀዋል፤ ሲሞቀው ማቀዝቀዣ ይፈልጋል፤ ማቀዝቀዣው መብራትና ውሃ ይፈልጋል። ስለዚህ አዋቂዎቹ ወንዝና ብርድ ያለበትን አገር እየዞሩ ያስሳሉ አሉ። ወደ እኛም አገር መብራቱ ርካሽ ነው ብለው ማሽን በኮንቴይነር ጭነው የመጡ እንዳሉ ሳትሰሙ አልቀራችሁም።

ወንዝ ከተባለ ዓባይ ከጣና ሲወጣ የሚያልፈው በእኛ ደጅ ነው። ብርዱ ላይ ግን እንተዛዘባለን። ባሕር ዳርን በመጋቢትና በሚያዝያ የሚያውቃት ያውቃታል፤ ዘንባባው ጥላ አለው፣ ጥላው ራሱ ይሞቃል። እንዲያም ሆኖ የከተማችን መሥሪያ ቤቶች ከዓለም አልቀሩም። አንዱ ዳታ ማዕከል ሲሠራ ጎረቤቱ «እኛስ ከማን እናንሳለን?» አለ። ሦስተኛው የሁለቱን እያየ እንቅልፍ አጣ። በአንድ ዓመት ውስጥ በእኛ መንገድ ግራና ቀኝ ዳታ ማዕከል የሌለው መሥሪያ ቤት ማግኘት ቸገረ። ዳታ ያለው ማግኘት ግን እንደ ወትሮው አስቸጋሪ ነበር።

እኛም ሠራን። የተሰባበረ ወንበር የሚከማችበት ክፍል ተጠረገ፣ መስኮቱ ተደፈነ፣ ሁለት ኤሲ ተገጠመ፣ ጓሮ ጄኔሬተር ቆመ፣ በሩ ላይ «ያለ ፈቃድ መግባት ክልክል ነው» ተብሎ ተለጠፈ። ውስጡስ? ጣሪያ የሚደርስ አንድ የብረት መደርደሪያ፣ መደርደሪያው ላይ ሁለት ሰርቨር። የቀረው ቀዝቃዛ አየር ነው። ኃላፊ ተብዬ የተመደብኩት እኔ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት መዝገብ ቤት ሠርቻለሁ፤ መዝገብ ቤቱ ሲታጠፍ ሥራ አስኪያጃችን አቶ ምንይችል «ያው መዝገብ ነው፣ ብረት ለበሰ እንጂ» ብለው የሁለት ሳምንት ሥልጠና ላኩኝ። ከሥልጠናው ይዤ የተመለስኩት ሁለት ነገር ነው፤ ማሽኑን በውሃ እንዳላጥብ፣ ሙቀቱም ከሃያ ሁለት ዲግሪ እንዳይበልጥ። የጎደለውን በአሮጌው ልማዴ ሞላሁት። የመዝገብ ቤት ሰው የሚገባና የሚወጣውን ሳይጽፍ እጁ አያርፍም። ጠንካራ ሽፋን ያለው ትልቅ ደብተር ከፍቼ፣ «ቀን፣ ሰዓት፣ የገባ፣ የወጣ፣ ፊርማ» ብዬ አስምሬ ጠረጴዛዬ ላይ አኖርኩ። ለሁለት ወር የገባም የወጣም እኔው ብቻ ነበርኩ። እፈርምና እገባለሁ፤ እወጣና እፈርማለሁ።

የመጀመሪያው እንግዳ መሪጌታ ልሳነወርቅ ናቸው። መሪጌታ ዘጌ ተወልደው፣ ከግቢያችን ጀርባ ባለው ደብር ሲያገለግሉ ያረጁ፣ ሰማንያን የዘለሉ የዜማ ሊቅ ናቸው። ጠዋት ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱም ማታ ሲመለሱም የሚያቋርጡት በእኛ ግቢ ነው። አንድ ቀን ከኤሲው የሚንጠባጠበውን ውሃ ቆመው እያዩ፣ ለማን ተብሎ ነው ይህ ሁሉ ብርድ ብለው ጠየቁኝ። ለመዝገብ ነው አልኳቸው፤ የሰዉን ሁሉ ጉዳይ የሚይዝ ማሽን አለ፣ ብዙ ስለያዘ ይሞቀዋል።

«እኔ ድጓውን ሙሉ በቃሌ ይዤ ስድሳ ዓመት ቆየሁ፤ አንድም ቀን አቀዝቅዙኝ አላልሁ» አሉ።

ይህን ብለው ሲያበቁ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ለካ ስኳር አለባቸው። ጠዋትና ማታ የሚወጉት ኢንሱሊን ከሙቀት መጠበቅ አለበት፤ የሚኖሩባት ክፍል ደግሞ ቆርቆሮዋ ለራስ ቅል ቅርብ ናት፣ ፍሪጅም የላትም። የጎረቤት ፍሪጅ ሞክረው ነበር። መብራት ጠፍቶ ሲከርም መድኃኒቱ ተበላሸና ሌላ እስኪገኝ ሆስፒታል ተኙ። ሆስፒታሉ የሚሰጣቸው በቀጠሮ ነው፤ ቀጠሮው ሳይደርስ ከተበላሸ መድኃኒት ቤት ለመድኃኒት ቤት መንከራተት ነው። እንግዲህ እናንተ በእኔ ቦታ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? መመሪያው ለሥራው የማያስፈልግ ነገር አይግባ ይላል። ሁለት ሰርቨር ተንፈላሶ በሚኖርበት ክፍል አንዲት ብልቃጥ ማንን ታጣብባለች? ደብተሩን ገልጬ «ኢንሱሊን፣ አንድ ብልቃጥ፣ የመሪጌታ ልሳነወርቅ አደራ» ብዬ ጻፍኩ። ፈረሙ። በትንሽ ካርቶን አድርጌ መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኩላቸው። ከዚያ ወዲያ ጠዋትና ማታ ይመጣሉ፣ ጠረጴዛዬ አጠገብ ተቀምጠው ይወጋሉ፣ ብልቃጡን መልሰው ይሰጡኛል።

አደራ ከባድ ነገር ነው። ሰርቨሩ ቢሞቅ ጠያቂው ሩቅ ነው፤ መድኃኒቱ ቢሞቅ ግን የሚጎዳው ሰው ማታ ፊቴ ይቀመጣል። ስለዚህ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ማንም ዞር ብሎ አይቶት የማያውቀውን የሙቀት መለኪያ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ እያየሁ መጻፍ ጀመርኩ። እሑድና በዓል እንኳ መጥቼ እከፍታለሁ። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩን ለማስነሳት የምሮጠው ሩጫ አቶ ምንይችልን አስደንቆ፣ በስብሰባ ላይ ለሰርቨር ያለኝን ፍቅር አመሰገኑ። አንገቴን ሰበር አድርጌ ተቀበልኩ።

ወሬ እግር አለው። ሁዳዴ ሲጋመስ የሰው ኃይል ክፍሏ አስካል መጣች። እኅቷ ከይፋግ ለፋሲካ የሚሆን ለጋ ቅቤ በባልዲ ልካላታለች፤ ፋሲካ ሩቅ ነው፣ ቤቷ ደግሞ ምድጃ ነው። ለመሪጌታ የተፈቀደ ለእኔ ለምን ይከለከላል አለች። ይህን የሚመልስ አንቀጽ መመሪያው ውስጥ ፈልጌ አጣሁ። «ቅቤ፣ አንድ ባልዲ» ብዬ ጻፍኩ። በሳምንቱ የዕቅድ ክፍሉ ቅቤ ገባ። ቀጥሎ የግዢው። ኋላማ የራሳቸው ዳታ ማዕከል ያላቸው የማዶ መሥሪያ ቤት ሰዎች ሳይቀሩ ባልዲ አንጠልጥለው መጡ፤ የእነሱ ኤሲ ከተገጠመ ጀምሮ አልተከፈተም። ከቁንዝላ ዓሣ ያስመጣውን ብቻ መለስኩት። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ዳታ ማዕከል ውስጥ ማስገባት አልፈለግኩም። በዚህ ሁኔታ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ፣ ባዶ የነበረው ማዕከላችን በወር ውስጥ ሞላ። የቦታ እጥረት የሚባለው የዓለም ችግር እኛም ዘንድ ደረሰ።

ሽታውን አትጠይቁኝ። ጾመኛው ሠራተኛ በኮሪደሩ ሲያልፍ በአፍንጫው በኩል ፋሲካ ይገባበታል። ማሽተት ጾም ይገድፋል ወይ ብለው መሪጌታን ቢጠይቋቸው፣ ያሸተተ አልበላም፣ ለማሽተት ብሎ የሚመላለስ ግን ለንስሐ አባቱ ይንገር ብለው መለሱ። አቶ ምንይችል ደግሞ ቅቤ አላመጡም። ራሳቸውን አመጡ። ከምሳ በኋላ ለቁጥጥር ብለው ይገባሉ፣ ከመደርደሪያው ጀርባ ያስቀመጡት ወንበር ላይ ይሰየማሉ፣ ሲወጡ ጉንጫቸው ላይ የገመድ ምልክት ታትሞ ነው። እኔ ሹም ነው ብዬ አላለፍኩም፤ አስፈረምኳቸው። ገቢ ሰባት ሰዓት ተኩል፣ ወጪ ዘጠኝ።

በሕማማት ረቡዕ ጠዋት ከአዲስ አበባ ስልክ ተደወለ። ዓለም አሁን ትንንሹን ትቶ ወደ ትልልቁ እየሰበሰበ ስለሆነ፣ የየመሥሪያ ቤቱ ዳታ ማዕከል ይመረመራል፤ ደረጃውን ያልጠበቀ ይዘጋል፣ ማሽኑም ይወሰዳል። መርማሪው ኢንጂነር ደግሞ ባሕር ዳር ገብቶ ጎረቤታችን ደርሷል። ያን ጊዜ የሆነውን ብታዩት! ሰው ሁሉ ባልዲውን ይዞ ሮጠ። አብዛኛው ቅቤ አስካል ቢሮ ጠረጴዛ ሥር ተደበቀ፤ ከቀትር በኋላ የሰው ኃይል ክፍል ወለል በሰም እንደተወለወለ ያበራ ነበር።

እኔ ካርቶኗን ይዤ ቆምኩ። መሪጌታ ከጠዋት ጀምሮ ስግደት ላይ ናቸው፤ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አይወጡም። መድኃኒቱን በዚያ ሐሩር ባወጣው ያልቅለታል፤ የሆስፒታሉ ቀጠሮ ደግሞ ከፋሲካ በኋላ ነው። አቶ ምንይችል በሩ ላይ ደረሱ።

«ያም ይውጣ አልሁህ። በአንድ ብልቃጥ ምክንያት ልንዘጋ ነው?»

«አደራ ነው፤ ባለቤቱ ሳይመጡ አላወጣውም» አልኳቸው።

«እንጀራህን አስብ» አሉኝ።

አሰብኩት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፈራሁ። ግን ካርቶኗን ወደ ቦታዋ መለስኳት። ወዲያው መርማሪው፣ ኢንጂነር ሳምሶን፣ ገቡ፤ መነጽር ያደረጉ፣ ቀጭን፣ ነገር የማያበዙ ሰው ናቸው። አየሩን ሳብ አድርገው የምን ሽታ ነው አሉ። አቶ ምንይችል ገመዱ አዲስ ስለሆነ ነው ብለው መለሱ። ኢንጂነሩ መደርደሪያውን ከላይ እስከ ታች ተመለከቱ፣ ካርቶኗን አገኙ፣ ከፈቱ፣ የማን ነው ብለው ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ደብተሩንም አቀረብኩላቸው፤ በአፌ ብዋሽ እንኳ በጽሑፍ መዋሸት አልለመድኩም።

የሥራ አስኪያጁን ወንበር ስበው ተቀመጡና ከመጀመሪያው ገጽ አነበቡ። ሙቀት በቀን ሦስት ጊዜ፣ እሑድ ሳይቀር። ማን ገባ፣ መቼ ወጣ፣ ፊርማ። ቅቤ፣ ቅቤ፣ ቅቤ። አቶ ምንይችል በዚያ ብርድ ግንባራቸውን ይጠርጋሉ።

«ሥራ አስኪያጁ በየቀኑ አንድ ሰዓት ተኩል እዚህ ይቆያሉ?»

«አዎ» አልኩ።

«አመራሩ በአካል ይከታተላል ማለት ነው» ብለው ማስታወሻቸው ላይ ጻፉ። አቶ ምንይችል ጣሪያውን አዩ። ከዚያ ኢንጂነሩ ሙቀት መዝግቡ የሚል መመሪያ ለሁሉም ከተላከ እንደቆየ፣ እስካሁን የመዘገበ ግን እንዳላገኙ፣ እንዲያውም አንዱ ዘንድ ቁልፉ ጠፍቶ በሩ ተሰብሮ እንደተገባ ነገሩን። ካርቶኗን በጥንቃቄ ዘግተው ወደ ቦታዋ መለሷት። ሄዱ።

ከፋሲካ በኋላ ደብዳቤው መጣ። አንደኛ ወጣን። ስለዚህ አንዘጋም፤ ጭራሽ የመንገዳችን መሥሪያ ቤቶች ሰርቨር ሁሉ ተሰብስቦ ወደ እኛ ይመጣል። አቶ ምንይችል ደብዳቤውን በስብሰባ ሁለት ጊዜ አስነበቡት። እኔ ግን የመጨረሻውን አንቀጽ አነበብኩ፤ ክፍሉ በመደርደሪያ ይሞላል፣ ከማሽን በቀር አንዳች ነገር አይቀመጥበትም። አያችሁ ጉዱን? ለብልቃጧ ብዬ በጻፍኩት ሙቀት ያመጣሁት ዕድገት ብልቃጧን ሊያስወጣት ነው። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት ማለት ይኼ ነው። ለመሪጌታ ስነግራቸው ሹመት ያዳብር ብለው መረቁኝ። ቀጥለውም ስንት ቀን እንደቀራቸው ጠየቁኝ።

መደርደሪያዎቹ በመጡ ዕለት ኢንጂነር ሳምሶን ራሳቸው ሊያስገጥሙ መጡ። ለእያንዳንዱ እርከን ቁጥር ሰጡ፣ የትኛው መሥሪያ ቤት የቱ ላይ እንደሚያርፍ አሳዩኝ። እኔ ካርቶኗን አቅፌ እከተላቸዋለሁ። መጨረሻው መደርደሪያ ጋ ሲደርሱ ቆሙ፣ ካርቶኗን አዩ፣ ከኪሳቸው እስክሪብቶ አወጡና በአንድ ወረቀት ላይ ጽፈው የታችኛው እርከን ላይ ለጠፉ። «ለወደፊት ማስፋፊያ የተያዘ። ማሽን አይቀመጥበትም» ይላል።

«ማንኛውም ዳታ ማዕከል ለዕድገት ቦታ መተው አለበት፤ መመሪያ ነው» አሉኝ። ዕቃቸውን ሰብስበው ሲወጡ በሩ ላይ ዞር አሉና፣ «እናቴም ትወጋለች» አሉ።

ማታ መሪጌታ መጡ። ካርቶኗን ከዚያው እርከን ሳወጣላቸው ወረቀቱን አይተው መነጽራቸውን አደረጉ፣ ቀስ ብለው ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«እኔ ሰማንያን አልፌ፣ ለወደፊትህ ብሎ ቦታ የያዘልኝ መሥሪያ ቤት ይኼው የመጀመሪያው ነው» አሉ። ወደ እኔ ዞረውም፣ «የስንት ዓመት ነው ማስፋፊያው?» አሉኝ።

የአሥር ዓመት ዕቅድ ነው አልኳቸው። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። ክንዳቸውን ለመርፌው ገለጥ እያደረጉ አሰቡበት።

«የመንግሥት ዕቅድ ከሆነ እንግዲህ» አሉ፣ «መጨረስ ነዋ።»