የመምህር ሺገሃራ ቀላል ዘንዶ

በየሰፈሩ «ይሄማ ቀላል ነው» የሚል አንድ ሰው አለ። «ከባድ ነው» የሚሉ ሰዎች አያስፈሩም፤ ቢያቅትህ ማንም አይፈርድብህም። «ቀላል ነው» ባዩ ግን እየሳቀ ይመጣል፣ ጎንህ ይቀመጣል፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ የገዛ እጅህን ትጠራጠራለህ። የሚያንጠባጥብ ቧንቧ መጠገን፣ የብስክሌት ሰንሰለት መፍታት፣ ዓሣ መበለት፣ ለእሱ ሁሉም ቀላል ነው። የእኛ ሰፈሩ ሰው ደግሞ ቀላል የሚሉት ከወረቀት ዘንዶ መሥራትን ነው።

ክቡር መምህር ሺገሃራ ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። መምህር የምንላቸው በአክብሮት ነው እንጂ፣ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ሠላሳ ስምንት ዓመት አሳንሰር ሲመረምሩ ኖረዋል። እኔ በጃፓኗ ሂሚ ከተማ፣ ከዓሣ ገበያው ጀርባ ባለች አንዲት የልጆች መዋያ ቤት ሠራተኛ ነኝ። በእኛ አገር በየአሥራ ሁለት ዓመቱ የሚመጣው የዘንዶ ዓመት ሊገባ ሁለት ወር ሲቀረው መምህር ሳይጠሩ መጡና፣ ልጆቹ በየቅዳሜው አጥፈው የሚሠሯቸው አርባ የወረቀት ዘንዶዎች ለአዲስ ዓመት መግቢያችን ላይ እንዲሰቀሉ ሐሳብ አቀረቡ።

«አራት ዓመት የሞላው ልጅ ይችለዋል» አሉኝ። «ቀላል ነው።»

እኔም ጎንበስ ብዬ አመሰገንኳቸው። ይህን ጥፋቴን የሰፈሩ እናቶች እስከ ዛሬ ያነሱብኛል።

በመጀመሪያው ቅዳሜ አሥራ ስምንት ልጆች መጡ። መምህር ሰሌዳው ላይ «ቀላል ዘንዶ ለሕፃናት፦ አሥራ አራት እጥፋት» ብለው በሚያምር ጽሕፈት ጻፉ። ከአንድ ሰዓት በኋላም ገና የመጀመሪያው እጥፋት ላይ ነበርን፤ ምክንያቱም መምህር ከደረት ኪሳቸው የብረት ማስመሪያ አውጥተው የእያንዳንዱን ልጅ ወረቀት ማዕዘን ይለኩ ነበር።

«ግማሽ ሚሊሜትር ስቷል» አሉት ኢቡኪ የሚባለውን፣ አፍንጫው ደርቆ የማያውቅ ልጅ። «አሳንሰር ግማሽ ሚሊሜትር ስቶ ቢቆም ምን ይመጣል?»

«ምን ይመጣል?» አለ ኢቡኪ።

«ሰው ይደናቀፋላ። ስንት ዓመትህ ነው?»

«አራት።»

መምህር በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ። «አራት ዓመት ሙሉ ምን ስትሠራ ነበር?»

ኢቡኪ ጥያቄውን በቁም ነገር አሰበበት። ከዚያ አለቀሰ።

የተሳሳተ እጥፋት ማረም ደግሞ በእሳቸው ዘንድ ክልክል ነው። «ወረቀት አይረሳም» ይላሉ፤ አንዴ የተጨማደደው ተጥሎ በአዲስ ይጀመራል። በዚህ ሕግ የተነሳ በሁለተኛው ቅዳሜ ወለሉ በወረቀት ተሞልቶ አንዲት ትንሽ ልጅ ጠፋችብን። ያገኘናት ስታስነጥስ ነው።

በዚያው ዕለት የኢቡኪ አባት ልጁን ሊያግዝ አብሮ መጥቶ ነበር። ሰውየው የጥርስ ሐኪም ነው። ስድስተኛው እጥፋት ላይ ሲደርስ ሸሚዙ በላብ ርሶ ነበር።

«መምህር፣ እኔ እኮ የጥርስ ሥር የምጠግን ሰው ነኝ» አለ፣ ይቅርታ እንደሚለምን ሰው።

«ያስታውቃል» አሉ መምህር ወረቀቱን እያገላበጡ። «አፉን በደንብ ከፍተኸዋል። የከፈትክለት ግን ጭራው ላይ ነው።»

ሰውየው ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ክሊኒኩን መክፈት ጀመረ።

በስድስተኛው ሳምንት አሥራ ስምንቱ ልጆች ሰባት ቀሩ፤ ዘንዶ ግን አንድም አልነበረንም። እናቶቹ ጫማ መደርደሪያው አጠገብ ከበቡኝ። ቃል አቀባያቸው ወይዘሮ ኒሺዋኪ ነበሩ።

«እትዬ ካያኖ፣ እባክዎ ይንገሯቸው። የእኔዋ ልጅ ካልሲ ስታጥፍ እንኳ ማዕዘን አጣሁ ብላ ታለቅሳለች። ቅዳሜው ለገመድ ዝላይ ቢሰጥ ይሻላል።»

እንዴት ተብሎ ይነገራል? መጀመሪያ የደረቀ ፍራፍሬ ይዤ ቤታቸው ሄድኩና «መምህር፣ ልጆቹ ትንሽ የደከማቸው ይመስለኛል» አልኳቸው። «እውነትሽን ነው ልጄ፣ ጥፋቱ የወረቀቱ ነው። ወፍራም ነው» ብለው ቀጭን ሊፈልጉ ወጡ። በሳምንቱ «እጥፋቱ ቢቀንስ ምን ይመስልዎታል?» አልኳቸው። ሦስት ቀን አስበው፣ አይቼባቸው በማላውቀው የመሥዋዕትነት ፊት አሥራ ሦስት አደረጉት። በመጨረሻ አቅም ሲያንሰኝ ደብዳቤ ጻፍኩላቸው። በማግሥቱ መልሰው እጄ ላይ አስቀመጡልኝ።

«ማዕዘኑ አልገጠመም ነበር» አሉኝ በትሕትና። «አስተካክዬዋለሁ።»

አላነበቡትም። አጣጠፉ ግን እንዴት ያምር ነበር።

አዲስ ዓመት ሊገባ ስምንት ቀን ሲቀረው የመጨረሻው ቅዳሜ ደረሰ። አራት ልጆች ብቻ መጡ። እኔም ጠዋት የምናገረውን ዓረፍተ ነገር በቃሌ አጥንቼ፣ ልክ ትምህርቱ ሲያልቅ ልነግራቸው ቆርጬ ገባሁ። መምህር ባዶዎቹን ወንበሮች አዩ። ወረቀቱን የሚያድሉበት እጃቸው እንደ ሌላው ቀን አልፈጠነም።

ከአራቱ አንዷ ናጊሳ ነበረች፤ አምስት ዓመቷ ነው፣ ወረቀቷ አራት ጊዜ ስለተጣለባት አኩርፋለች። መምህር የሌሎቹን ማዕዘን ሲለኩ እሷ ጀርባዋን ሰጥታ፣ ምላሷን አውጥታ የራሷን ነገር ታጥፍ ነበር። ከዚያ ጠረጴዛው መሀል ጣል አደረገችው።

ሆዱ የተነፋ፣ አንገቱ የተጣመመ ነገር ነው። ጭራውን ጫን ሲሉት አፉ ይከፈታል። ዘንዶ ነው፤ የሚከራከር የለም። ትንሽ የምግብ መፈጨት ችግር ያለበት ዘንዶ።

መምህር ማስመሪያቸውን አወጡ። አንድም ማዕዘን አልገጠመም። እንደገና ለኩ። ማስመሪያውን አስቀመጡና በልጆቹ ትንሽ ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ጉልበታቸው አገጫቸው ጋ ደረሰ።

«ስንት እጥፋት ነው?»

«እኔ እንጃ።»

«የቱን አስቀደምሽ?»

«ሆዱን። ርቦታላ።»

መምህር አዲስ ወረቀት አንስተው ሞከሩ። የወጣው ጀልባ ነው፤ እንከን የለሽ ጀልባ። ደግመው ሞከሩ፤ ሌላ ጀልባ። አራተኛው ላይ ጆሯቸው ቀላ። አራቱም ልጆች ከበው ያዩዋቸዋል።

«ተቆጣኸው እኮ፣ አባባ» አለች ናጊሳ። «ሲቆጡት አፉን አይከፍትም።»

«አላሰብኩትም» አሉ መምህር።

«ምራቅ አስነካው» አለ ኢቡኪ።

ሠላሳ ስምንት ዓመት የአንድ አውራጃ ሕዝብ ሕይወቱን አምኖ የሰጣቸው ሰው፣ ዙሪያቸውን ቃኝተው፣ እኔ በመስኮት ወደ ውጭ የማይ መስዬ ሳለሁ፣ ወረቀቱን ላሱ። ከሰባት ጀልባ በኋላ አንድ ነገር ወጣ፤ ጭራው ተሰንጥቋል፣ አፉ በአንድ ወገን ብቻ ይከፈታል። መምህር ጭራውን ጫን፣ ለቀቅ፣ ጫን፣ ለቀቅ አደረጉ። ልጆቹ እስኪወድቁ ሳቁ። እሳቸውም ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ መጀመሪያ የሚያለቅሱ መስሎኝ ደንግጬ ነበር።

ያጠናሁት ዓረፍተ ነገር ከአፌ ሳይወጣ ቀረ። ለወይዘሮ ኒሺዋኪ «ነግሬያቸዋለሁ» አልኳቸው፤ ምን እንደነገርኳቸው አልጠየቁኝም።

ለአዲስ ዓመት መግቢያችን ላይ አርባ ሳይሆን በናጊሳ አጣጠፍ የተሠሩ አምስት ዘንዶዎች ተሰቀሉ። እያንዳንዱ ሥር የሠሪው ስምና ዕድሜ ይጻፋል። አራቱ አራትና አምስት ዓመት ይላሉ። ዝቅ ብሎ በተሰቀለው ላይ ናጊሳ በራሷ እጅ «ሺገሃራ፣ 71 ዓመት» ብላ ጽፋለች።

ተለወጡ እንዳትሉ። በበዓሉ ዕረፍት የናጊሳን ዘንዶ ለክተው፣ በሠላሳ አንድ እጥፋት የሚሠራበትን ንድፍ ለሕፃናት አዘጋጅተው መጡ።

ከዚያ ጉንፋን ያዛቸውና ሁለት ቅዳሜ ቀሩ። ልጆቹ የፈለጉትን አጠፉ፤ ያለቀሰ የለም፣ የተለካ የለም። ወይዘሮ ኒሺዋኪ ብቅ ብለው «እንዲህ ነው እንጂ» አሉ። እኔ ግን በየደቂቃው በሩን አይ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ማክሰኞ፣ በረዶ ውስጥ፣ ወረቀት በቦርሳዬ ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። አፍንጫቸው ቀልቶ፣ በሹራባቸው ላይ ብርድ ልብስ ደርበው ከፈቱልኝ።

«ምነው ልጄ፣ ልጆቹ ምን ሆኑ?»

«ልጆቹስ ደኅና ናቸው። የቀላሉ ዘንዶ ዘጠነኛው እጥፋት እኔን እምቢ ብሎኝ ነው።»

ፊታቸው በራ። ብርድ ልብሱን መሬት ለመሬት እየጎተቱ ጠረጴዛው ላይ ያለውን መድኃኒት ሊያነሱልኝ ወደ ውስጥ ሮጡ።

ያን ቀን ዘጠነኛውን እጥፋት ዓይኔን ጨፍኜ ማጠፍ ከቻልኩ ሁለት ወር አልፎኝ ነበር።