ዱጋ ያልኩ ቀን

አረቄ የሚጠጣ ሰው ያስቸግራል። አረቄ የተወ ሰው ግን ይብሳል። ሰምቼ አይደለም፤ ስለ ራሴ ነው የማወራው።

ምን መሰላችሁ፣ ሰው ከመጠጥ ሲላቀቅ ብቻውን መዳን አይሆንለትም። ከጎርፍ እንደወጣ ሰው፣ ልብሱን ሳይጨምቅ ሌላውን ልጎትት ይላል። እኔም እንደዚያው ሆንኩ። ከቡርቃ ጃቶ ሰፈር ጀምሮ ነቀምቴ ውስጥ የጠጣሁባቸውን ቤቶች እየዞርኩ፣ በር ላይ ቆሜ ስመክር እውል ጀመር። ሰካራም ምክር ይወዳል እንዴ? አንዱ ያንቀላፋል፤ አንዱ ተቀመጥና እየጠጣህ ምከረን ይለኛል። አረቄ ሻጯ አዴ ጫልቱ በመጨረሻ ክንዴን ይዛ አስወጣችኝ። ስትጠጣ ደንበኛ ታባርርብኝ ነበር፣ ስትተው ጭራሽ ጨረስካቸው፤ በማርያም፣ ወይ ጠጣ ወይ ቤትህ ተቀመጥ አለችኝ።

አንድ ሰው ግን ሰማኝ። ኦቦ ጉታ ይባላል፤ የአርጆ ሰው ነው፣ አናጢ። በዕድሜ ታላቄ ነው፤ መጠጥ አንቱታን ስላነሳልን ግን አንተ ነው የምለው። የስንቱ ቤት በርና መስኮት የእሱ እጅ ሥራ ነው መሰላችሁ! ኋላ ላይ ያ እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ልጁ ላሊሴ ልታገባ ስትል ቁርጡን ነገረችው፦ አባዬ፣ በሠርጌ ቀን አንዲት መለኪያ ከቀመስክ የሚመርቀኝ አጎቴ ነው። አባት በቁሙ እያለ ልጁን ሌላ ሰው ሲመርቅ ማየት ምን ማለት እንደሆነ ልንገራችሁ? ይቅር፤ ታውቁታላችሁ።

"ያ ኦቦሌሳ ኮ፣ ወንድሜ፣ አደራ ያዘኝ" አለኝ።

ያዝኩት። ጠዋት ከሥራ በፊት እሱ ዘንድ ነኝ፤ ከሥራ ስወጣም እሱ ዘንድ ነኝ። አረቄ ሲያምረው በሶ እንበጠብጣለን። ሠርጉ ሲደርስ እጁ ረግቶ ነበር፤ የሙሽሮቹን ወንበር እንኳ ራሱ ሠራው። እግዜር ያውቃል፣ ከራሴ መዳን ይልቅ በእሱ ኮራሁ።

በሠርጉ ቀን ጎን ለጎን ተቀመጥን። ጠላው ይዞራል፣ አረቄው ይዞራል፤ እኛ ለስላሳችንን ይዘናል። የምርቃቱ ሰዓት ሲቃረብ ልቤ ሞላ። አርፌ ብቀመጥ ምን ነበረበት? ብድግ አልኩ። ስለዚህ ሰው እውነቱን ልመሰክር፣ ያውም በኦሮምኛ! ወላጆቼ ጎጃሞች ናቸው፤ የእኔ ኦሮምኛ ለገበያ ይበቃል፣ ለንግግር አይበቃም። እውነት በኦሮምኛ "ዱጋ" ነው። ብርጭቆዬን ከፍ አድርጌ በሙሉ ድምፄ፣ "ኦቦ ጉታ! ዱጋ!" አልኩ። የሚቀጥለው ቃል ጠፋኝ። ደግሜ "ዱጋ!" አልኩ።

አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ለካ ለተከበረ ሰው "ይጠጡ" የሚባለውም "ዱጋ" ነው።

ድንኳኑ በእልልታ ቀለጠ። ሰው ሁሉ "ዱጋ! ዱጋ!" እያለ ተቀበለኝ። አንድ ሽማግሌ መለኪያ ሞልተው ኦቦ ጉታ እጅ ላይ አስቀመጡ። እኔ በአማርኛ እውነት ማለቴ ነው፣ እውነት ማለቴ ነው እያልኩ እጮሃለሁ፤ ማን ሊሰማኝ? ኦቦ ጉታ አንዴ አየኝ። ከዚያ ጨለጠው።

ምርቃቱን አጎቷ መረቀ። ላሊሴ አንገቷን ደፍታ አሜን ስትል ያየሁት ዛሬም ያንገበግበኛል።

በማግስቱ ይቅርታ ልጠይቀው ሄድኩ። አረቄውን ይዞ ተቀምጧል። ጠጣ ማለቴ እኮ አይደለም፣ ኦሮምኛዬ ነው ያጠፋህ ብዬ አለቀስኩ።

"አታልቅስ" አለኝ። "ያንተን ኦሮምኛ ስንት ዘመን ሰምቼዋለሁ። እውነት ማለትህ እንደሆነ ያኔውኑ ገብቶኛል።"

ታዲያ ለምን ጠጣህ? አልኩት።

"አገሩ የሰማው ተመቸኝ" አለ።

አሁንም በየጠዋቱ ሄጄ አጠገቡ እቀመጣለሁ። በአማርኛም ቢሆን ግን ትንፍሽ አልልም።