እትየ ብርቄ የተዋሰችው ስም

ጽሑፌ ዶሮ የጫረችው ስለሚመስልና ፊደልም ስለምገድፍ አስቀድማችሁ ይቅር በሉኝ። ስምንተኛ ክፍልን እንደምንም ጨርሼ ነው ደብተር የዘጋሁት።

ሰው «ለምን ተፈጠርኩ?» እያለ የሚጨነቀው አገሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ይመስለኛል። እዚህ ሸሕዲ አካባቢ፣ በጥቅምት ሙቀት፣ መልሱ ከጥያቄው ቀድሞ ይመጣል። ለሰሊጥ! ሰሊጥ ቀኑ ካለፈ ፍሬውን መሬት ላይ ያራግፋል፤ ስለዚህ ባለሀብቱም፣ ከጎጃም የመጣው አጫጅም፣ ትራክተሩም የተፈጠሩት እሱን ለመድረስ ነው። እኔ ግን ማጭድ ስይዝ እጄ ይላላጣል፣ ሰው ሲያየኝ ምላሴ ይተሳሰራል። ታዲያ ለምን እንደተፈጠርኩ ብጠይቅ ትፈርዱብኛላችሁ?

ሥራ የሰጡኝ የነፍስ አባታችን ናቸው። እሑድ እሑድ አጫጆቹ በትራክተር ተሳቢ ተጭነው ወደ ቤተ ክርስቲያን ይመጡና በጸሎት እንዲታሰቡ ክርስትና ስማቸውን ያስጽፋሉ። «አንቺ ጻፊ፣ የእኔ እጅ ደክሟል» አሉኝ አባ። ለዓይን አፋር ከዚህ የተሻለ ሥራ የለም። ሰው ይናገራል፣ እኔ አቀርቅሬ እጽፋለሁ። ገብረ ሚካኤል፣ ወለተ ሐና፣ ኃይለ ማርያም... ለካ እኔም ለአንድ ነገር እሆናለሁ አልኩ።

አንድ እሑድ እትየ ብርቄ መጣች። ለአጫጆቹ የምታበስል፣ ቀልደኛ ሴት ናት። ያን ዕለት ግን ወባ ጥሏት ሁለት ሰው ደግፏት ነበር።

«ክርስትና ስምሽን ማን ልበል?»

«እሱን የምታውቀው ክርስትና እናቴ ናት። እሷ ደግሞ ያለችው ስልክ የማይሠራበት ገደል ሥር ነው።»

«ብርቄ ብለሽ ጻፊያት!» አለ ከኋላ የቆመ አጫጅ። «እግዜርም ቢሆን በምታሳርረው ወጥ ያውቃታል!»

ሰው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «ብሞትስ በማን ስም ሊፈቱኝ ነው?» አለችኝ።

ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም።

«የእኔን ልስጥሽ። ወለተ ሥላሴ ነኝ።»

«አንቺስ?»

«እኔ አላመመኝም።»

ጻፍኩት። ያጠመቁኝ አባ ናቸውና፣ ስሞቹን በጸሎት እያነበቡ እዚያ ስም ላይ ሲደርሱ ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ቀጠሉ።

እትየ ብርቄን ከቅዳሴ በኋላ ጤና ጣቢያ ወሰዷት። በሦስተኛው እሑድ በእግሯ መጣች። «እንኪ ስምሽን! ክርስትና እናቴ ገበያ ወጥታ በስልክ አገኘኋት። ወለተ ጊዮርጊስ ነኝ። ያንቺው ግን ፈዋሽ ነው!»

«ኪኒኑስ?» አላት ያው አጫጅ።

«ኪኒኑማ እንዳንተ ምላስ ይመራል!»

ከዚያ ወዲህ ሰው ሁሉ ስሟን እንኳ የማትሰስት ደግ ልጅ ይለኛል። እኔም ዝም እላለሁ፤ ዝምታ ይሆንልኛል። ለማንም ያልነገርኩት ግን አንድ ነገር አለ። ያን ሁሉ ሰው ስጽፍ የራሴን ስም አንድ ቀን እንኳ ጽፌ አላውቅም ነበር፤ ስንት በሽተኛ እያለ እግዚአብሔርን በእኔ ለማስቸገር አፍሬ። ያን እሑድ አባ «ወለተ ሥላሴ» ሲሉ፣ ሰው ሁሉ ለእትየ ብርቄ «አሜን» ሲል፣ እኔ በሆዴ «አቤት» አልኩ።