ምልክት የሌለው ነጠላ

እኔ ፒያሳ ውስጥ ማንም ሳያስተምረኝ ሰዓት ፈትቼ፣ ሬዲዮ ጠግኜ ያረጀሁ ሰው ነኝ። እናንተ፣ «ማሽን ሁሉ አንድ ነው» የሚል ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? የባለቤቴ ወንድም እንዲያ ነው። ልጃችን የልብስ ማድረቂያ የገዛችልን ሰሞን ጂንሱን፣ ፎጣውንና የሱፍ ሹራቡን አንድ ላይ ጠቅጥቆ በከፍተኛ ሙቀት ለቀቀው። ሹራቡ ለአሻንጉሊት የሚበቃ ሆኖ ወጣ።

እኔ ግን ልብስ ላይ የሚሰፋውን ምልክት አጥንቻለሁ፤ ምልክቱ ላይ ያለው ነጥብ በበዛ ቁጥር ልብሱ የሚችለው ሙቀት ይበዛል።

በሐምሌ ዝናብ የልጅ ልጃችን ክርስትና ደረሰ። ነገ ጠዋት ነው፤ የባለቤቴ ነጠላ ግን ውሃ ያንጠባጥባል። ምልክቱን ብፈልግ የለም! ሸማኔ ምን ምልክት ይሰፋል?

«ጋሼ፣ ይተዉት፤ ጥለቱ ይጨማደዳል» አለ ወንድሟ።

«ነጠላዬ ቢኮማተር አንተን ልለብስ ነው?» አለችኝ ባለቤቴ።

መጀመሪያ ማድረቂያውን በራሴ አሮጌ ነጠላ ሞከርኩት፤ አልተኮማተረም። ከዚያ የእሷን ለብቻው በአንድ ነጥብ፣ በዝቅተኛው ሙቀት አስገባሁ፤ እርጥበቱ ጨርሶ ሳይጠፋ አውጥቼ ጥለቱን በእጄ ወጠርኩት።

እንግዲህ ይታወቅልኝ፦ ነጠላውን አደረቅሁ፤ ጥለቱን አዳንኩ፤ ባለቤቴን አምራ ለክርስትናው አደረስኩ፤ በማግስቱም ወንድሟ ጋቢውን ታቅፎ ደጃፌ ላይ ቆሞ፣ «ጋሼ፣ ይኼስ በስንት ነጥብ ነው?» እንዲለኝ አደረግሁ።