ጨው ቀማሹ ሙሴ ኡሊስ

በየቤተሰቡ አንድ ሰው አለ፤ ሐኪም ስብ ከከለከለው ቀን ጀምሮ ከበፊቱ እጥፍ የሚበላ። በገዛ ሳህኑ ላይ ግን አንዲት የስብ ጠብታ አታገኙም። «በእኛ ቤት እንዲህ ያለ ሰው የለም» የምትሉ ካላችሁ፣ አትቀየሙኝና ሰውየው ራሳችሁ ትሆናላችሁ።

የእኛው ክቡር ሙሴ ኡሊስ ጊድሪ ይባላሉ፤ «ሙሴ» በእኛ አገር «አቶ» ማለት ነው። የባለቤቴ የሮሼል አባት ናቸው፤ ዕድሜያቸው ሰባ አንድ፣ ሥልጣናቸው ደግሞ በደቡብ ሉዊዚያና ረግረግ ዳር በምትገኘው መንደራችን የትልቁ ብረት ድስት ኃላፊነት። በየዓመቱ ጾሙ ሊገባ ሲል መንደሩ አሳማ ያርዳል። ቆዳው ከነጮማው ተቆራርጦ በገዛ ስቡ እስኪንጣጣ ይጠበሳል፤ ክራክሊን እንለዋለን። ያንን ድስት በጀልባ መቅዘፊያ የሚያማስለው አንድ ሰው ብቻ ነው። ሙሴ ኡሊስ መቅዘፊያውን ከአባታቸው ከተረከቡ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሆኗቸዋል። ሌላው ሰው ድስቱን ከቦ መቆም ይችላል፤ ምክር መስጠት ግን አይፈቀድለትም።

ባለፈው ኅዳር ዶክተር ፎንትኖ የደም ምርመራቸውን ውጤት ይዛ አንዴ ወረቀቱን፣ አንዴ ሰውየውን አየች። በልጅነቷ አዝለው ያጫወቷት የጎረቤት ልጅ ስለሆነች አትፈራቸውም።

«አጎቴ ኡሊስ፣ ይኼ የሰው ደም ነው ወይስ መረቅ?»

«እኔ ከሠራሁት ጥሩ መረቅ ነው።»

«አልቀለድኩም። ኮሌስትሮልዎ ሰማይ ነክቷል፣ የልብዎ ቧንቧም ጠቧል። መድኃኒቱን ይውጣሉ፤ ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ ሳህንዎ ላይ ስብ እንዳይታይ። በሦስት ወር ውስጥ ካልወረደ እሳት ፊት ቆመው ድስት ማማሰል የለም። መቅዘፊያውን ለኦቲስ ይሰጣሉ።»

ኦቲስ ጎረቤታቸው ነው። እሱ የጠበሰው ክራክሊን እንደ እርጥብ ካልሲ ነው። ስለ ልባቸው ሲነገራቸው ምንም ያልመሰላቸው ሰውዬ የኦቲስን ስም ሲሰሙ ወንበር ፈልገው ተቀመጡ።

ትእዛዙንም አከበሩ። እንዴት አድርገው እንዳከበሩት ግን ልንገራችሁ።

እሑድ እሑድ አሥራ አራት ሆነን በአማቶቼ ቤት ምሳ እንበላለን። በመጀመሪያው እሑድ ሙሴ ኡሊስ ሳህናቸው ላይ ሦስት የሰላጣ ቅጠልና ግማሽ ሎሚ አስቀምጠው ረጅም ጸሎት አደረሱ። «አሜን» ከማለታችን ከሸሚዛቸው ኪስ አንድ ሹካ ወጣ። እጀታው ክንድ የሚያህል፣ ከሰል ላይ ሥጋ የሚገለበጥበት ሹካ። አጠገባቸው ወደተቀመጥኩት ወደ እኔ ዞሩ።

«ቆይ፣ ጨዉን ልይልህ።»

የጎድን አጥንቴ ሄደ። ወዲያው ሮሼልን «ቆይ፣ ጨዉን ልይልሽ» አሏትና ከገበታው ማዶ የዶሮዋ ፈረሰኛ በአየር ላይ ተሻገረ። በዚያ ሹካ ማንም ሩቅ አልነበረም። ጨው ለማየት አንድ ጉርሻ ይበቃል የሚል ሰው ሙሴ ኡሊስን አያውቃቸውም፤ የላይኛውና የታችኛው ጨው ሊለያይ ይችላል ባይ ናቸው።

ባለቤታቸው እማማ ኢዩላ ጮኸችባቸው።

«አንተ ሰውዬ! ዶክተሯ ምን አለችህ?»

«ሳህንህ ላይ አለች። ይኸው ሳህኔ! ጥንቸል ይብላበት!»

«የገባው ወዴት ነው ታዲያ?»

«ስቡ የባለሳህኑ ነው፣ ኢዩላ። ስቡ የነሱ፣ ጣዕሙ የኔ። እኔ የምቀምሰው ለነሱ ጤና አስቤ ነው፤ ጨው ደም ግፊት ያመጣል።»

ይህንን ሲሉ ዓይናቸውን በጨው አጥበው ነው። ይባስ ብለው ከምሳ በኋላ ሆዴን መታ መታ አድርገው «አንተ ልጅ፣ ዛሬስ አብዝተሃል፤ አራት አጥንት ብቻህን!» አሉኝ። ሦስቱን የበሉት እሳቸው ናቸው።

ነገሩ ከቤት ወጣ። በቤተ ክርስቲያኑ የበጎ አድራጎት ምሳ ላይ ሠላሳ ሳህን ጨው ሲመረምሩ ዋሉ። አንድ መንገደኛ ምግብ ቤት ውስጥ የተጠበሰ ዓሣውን ሊቆርስ ሲል «ጌታዬ፣ ቆይ ጨዉን ልይልዎት» አሉት። ሰውየው የመንግሥት ተቆጣጣሪ መስለውት ሳህኑን አንስቶ በሁለት እጁ አቀረበላቸው፤ ሲጨርሱም አመስግኗቸዋል። እኔ ጠረጴዛ ሥር ልገባ ነበር።

እማማ ኢዩላ አንድ እሑድ ሙሉ ሹካውን በዓይኗ ተከታተለች። አርባ አንድ ጊዜ ወጥቶ ገብቷል። በማግስቱ እሳቸው ዶሮዎቻቸውን ሊመግቡ ሲወጡ ሁላችንንም ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ሰበሰበችን። አሥራ ሦስት ሰው በአንድ ማጠቢያ ማሽን ዙሪያ።

«ይኼን ሰውዬ አርባ ስምንት ዓመት ልለውጠው ሞከርኩ። አይለወጥም» አለች። «ስለዚህ እናንተን እለውጣለሁ። የሚበላው ከናንተ ሳህን ነው። ሳህናችሁ ላይ ስብ ከሌለ ከየት ያመጣዋል?»

ከዚያ ምድጃው ዳር የሚቀመጠውን የቡና ጣሳ አምጥታ ማሽኑ ላይ አኖረችው። በጣሳው ውስጥ ከእናቷ ዘመን ጀምሮ የተጠራቀመ የአሳማ ስብ አለ። ባቄላው፣ ባሚያው፣ የበቆሎ ዳቦው ሁሉ የሚሠራው በሱ ነው፤ በር ሲጢጥ ሲልም በሱ ይቀባል። እማማ ኢዩላ ክዳኑን ገጠመችና በፕላስተር አሸገችው። የሮሼል ወንድም ድዌን፣ መቶ ሠላሳ ኪሎ የሚመዝን ግንበኛ፣ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

በሚቀጥለው እሑድ አሥራ አራቱም ሳህን ላይ የቀረበው በውኃ የተቀቀለ ባቄላ፣ ጎመን፣ እንፋሎት የነካው ዓሣና ሎሚ ነው። ሙሴ ኡሊስ ከኔ ሳህን ቀመሱ። ቆም አሉ። ከሮሼል ቀመሱ። ከድዌን ቀመሱ። አንዱ ሳህን ላይ እንኳ ስብ ተሸሽጎ ይሆናል ብለው ገበታውን ሲዞሩ የአሥራ ሦስት ሰው ጎመን ጨረሱ።

«ጨዉስ?» አለች እማማ ኢዩላ፣ ሳቋን እየዋጠች።

«ጨዉ ደህና ነው» አሉ በቀጭን ድምፅ። «ሌላ የጎደለ ነገር አለ።»

እንዲህ እየተባለ ሦስት ሳምንት አለፈ። እውነቱን ለመናገር እኛ ግን ከዳተኞች ነን። አንድ ማክሰኞ ከሥራ ስወጣ መኪናዬ በራሷ ጊዜ ነዳጅ ማደያው ጋ ታጠፈች። እዚያ ሩዝና የአሳማ ሥጋ የታጨቀበት ትኩስ ቋሊማ፣ ቡዳን የምንለው፣ ይሸጣል። ሁለት ገዝቼ ከሕንጻው ጀርባ አቆምኩ። አጠገቤ መስኮቱን ዘግቶ የሚያኝክ ሰው አየሁ፤ ድዌን ነው። ከሱ ማዶ ደግሞ የገዛ ባለቤቴ አፏ ሞልቶ ተቀምጣለች። ተያየን። ሰላምታ አልተለዋወጥንም።

በዚህ መሃል የመኪናዬ መስኮት ተንኳኳ።

«ቆይ፣ ጨዉን ልይልህ።»

ወይ ጉድ! እማማ ኢዩላ የመኪናቸውን ቁልፍ ደብቃባቸው፣ ሦስት ኪሎ ሜትር በእግራቸው መጥተዋል። ልስቅ ስል ፊታቸውን አየሁት፤ አመድ መስሏል። ሹካውን እንደያዙ ሌላው እጃቸው ደረታቸው ላይ ነው። ከዚያ ቀስ ብለው የእግረኛው መንገድ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ።

ሮሼል «አባዬ!» እያለች ሮጠች። ድዌን እንደ ዕቃ ብድግ አድርጎ መኪናው ውስጥ አስገባቸውና እየበረርን ዶክተሯ ጋ ወሰድናቸው።

«ዛሬ አምልጠዋል» አለችን ዶክተር ፎንትኖ ወደ ውጭ ጠርታ። «ሁለተኛ ጊዜ ግን ቃል አልገባላችሁም።»

ስንገባ አልጋው ላይ ጋደም ብለዋል። እጄን ያዙኝ።

«አንተ ልጅ፣ ኦቲስ ሰምቷል እንዴ?»

ያን ቀን ማታ አሥራ ሦስታችንም ማልን። ከእሑድ እስከ እሑድ፣ ቤትም ውጭም፣ ሳህናችን አንድ ዓይነት ሆነ። ስብ ሲያምረን ሙሴ ኡሊስ ጠርዙ ላይ የተቀመጡበትን ቦታ እናስባለን። የምንበላውን ሣር ግን ስንጠላው ነበር፤ ይኼን አልደብቅም። ክቡርነታቸው በበኩላቸው ተስፋ ሳይቆርጡ በየእሑዱ አሥራ ሦስት ሳህን ይመረምራሉ፤ ጎመን በጎመን ላይ። ማታ ማታ ደግሞ እማማ ኢዩላ «ቁልፍህን ፈልግ» እያለች ከቤት እስከ ድልድዩ ታስኬዳቸዋለች።

በየካቲት መጀመሪያ ዶክተሯ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«አጎቴ ኡሊስ፣ ምን አደረጉ?»

«ምንም። የታዘዝኩትን ሰላጣ ነው የበላሁት» አሉ ደረታቸውን ነፍተው። «ወጣቶቹ ግን ያሳስቡኛል፤ ጥንቃቄ የላቸውም።»

ድዌን አጠገባቸው ቆሞ ነበር፤ አሥራ ሁለት ኪሎ ቀንሶ ሱሪው በገመድ ነው የታሰረው። ጥርሱን ነክሶ ገመዱን አጠበቀ።

መቅዘፊያው ተፈቀደላቸው። የእርዱ ዕለት ጠዋት ኮፍያቸውን አድርገው ድስቱ ፊት ቆሙ፤ ንጉሥ እንዲህ አይቆምም። ስቡ ፈላ፣ ቆዳው ተንጣጣ፣ ኦቲስ ከሩቅ ሆኖ ምራቁን ዋጠ። የመጀመሪያው ክራክሊን ወርቅ መስሎ ወጣ። በወጋችን የመጀመሪያውን የሚበላው ባለመቅዘፊያው ነው፤ እሱ ሳይበላ ማንም አይነካም።

ሙሴ ኡሊስ ከሁሉ ትልቁን፣ ጮማው ሦስት ጣት የሚሆነውን መርጠው አነሱ። እማማ ኢዩላ ሽርጧን ጨብጣ ቀረች። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «አትብላ» ብላ ልታዋርዳቸው አልቻለችም። ሦስት ወር የተበላው ጎመን ዓይኔ ፊት አለፈ፤ የዚያ ማክሰኞ አመድ የመሰለ ፊታቸውም።

ሳላስበው ዘለልኩ።

«ቆይ ሙሴ፣ ጨዉን ልይልዎት!»

ከእጃቸው ነጥቄ ሙሉውን አፌ ውስጥ ጨመርኩት። ሕዝቡ በአንድ ድምፅ «ኧረ!» አለ። በሠላሳ ስምንት ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ብልግና አልታየም። አፌ ተቃጠለ፣ ዓይኔ አነባ፤ ማኘኬን ግን አላቆምኩም።

ሙሴ ኡሊስ ሳኝክ ያዩኝ ጀመር፤ ጉንጬን፣ ጉሮሮዬን። ራሳቸውም ባዶ አፋቸውን ከኔ ጋር ሲያላምጡ ነበር።

«እንዴት ነው?» አሉኝ።

«ጨዉ ልክ ነው፣ ሙሴ።»

«ስቡ ያንተ» አሉ በጣም ጮክ ብለው፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ። መንደሩ በሳቅ ፈነዳ፤ ሁሉም ወደ ድስቱ ተንጋጋ። በዚያ ግርግር መሃል ክንዴን ጎትተው ጆሮዬ ጋ ተጠጉ።

«ያ ባቄላ ግን ሎሚ በዝቶበት ነበር» አሉኝ። «ሦስት ወር ሙሉ ልነግራችሁ እፈልግና፣ ለኔ ብላችሁ እንደዚያ ስትሰቃዩ እያየሁ አፍር ነበር።»

የሚቀጥለው እሑድ እማማ ኢዩላ ሎሚውን ቀነሰች። እኔም ጸሎቱ ሳያልቅ ሳህኔን ገፋ አድርጌ ወደ ሹካው አስጠጋሁት።