ለእናትህ የትኛውን ሰጠሃት?

አንዳንድ ዕቃ ገና እጅ ላይ ሳለ ይናገራል። ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ የልጅ ሱሪ ስገዛ ገልብጬ ስፌቱን እስበዋለሁ፤ ከተተረተረ ለባለቤቱ አስረክቤ መንገዴን እቀጥላለሁ። ዘርና ባል ግን እንዲህ አይደሉም። ሲወስዷቸው ሁለቱም ያምራሉ፤ ጉዳቸው የሚታየው ክረምት ሲገባ ነው። ባሌ ይህን ካነበበ፣ የማወራው ስለ ዘሩ ነው።

አምና አማቼ ሐርላ ካላቸው መሬት ቁራሽ ሰጡንና ባሌን፣ «ከሆነላችሁ እያረሳችሁ ያዙት፤ ካልሆነላችሁ ለታናሽህ ነው» አሉት። እሱ ቀኑን ሙሉ ፋብሪካ ስለሚውል የበቆሎ ዘር መግዛቱ እኔ ላይ ወደቀ። ልጄን አዝዬ ዘር መሸጫው ስደርስ ከረጢቶቹን ሁለቴ ዞርኳቸው። መሬቱ በእኔ ምርጫ ሊሄድ ነዋ።

ሻጩ ነስሩ፣ እንደ ድሬ ልጅ ሁሉ፣ ሳያውቀኝ ዘመድ አደረገኝ። «አቦ እህቴ፣ ይሄን ውሰጂ።» ከረጢቱ ላይ የተሳለው በቆሎ የልጄን ጭን ያህላል። ዋጋውም እንደዚያው ወፍራም ነበር። እኔ ንባቤ ቀርፋፋ ስለሆነ ሰው መጠየቅ ይቀናኛል፤ በስንት ወር እንደሚደርስ ጠየቅኩት።

«አምስት ወር ቢሆን ነው። ምርቱ ግን ወላሂ እጥፍ።»

አምስት ወር! የሐርላ ዝናብ ጫማውን ሳያወልቅ የሚሄድ እንግዳ ነው፤ ያለ ዝናብ እጥፍ ምርት ማለት ደግሞ ላም አለኝ በሰማይ። ጥግ ላይ ስዕል የሌለው ርካሽ ከረጢት ተቀምጧል። ርካሽም ያስፈራል፣ ታውቃላችሁ። ውድ ዘር ዘርቶ ያጣ ሰው «ዕድሉ ነው» ይባልለታል፤ ርካሽ ዘርታ ያጣች ምራት ግን ስስታም ናት።

«ነስሩ፣ እናትህ ታርሳለች?»

«አዎ፣ ጀልዴሳ ገጠር። ምነው?»

«ለእሷ የትኛውን ሰጠሃት?»

ጉንጩ ውስጥ የያዘውን ጫት ማኘክ አቆመ። ከዚያ የጥጉን ከረጢት በእግሩ ወደ እኔ ገፋው። «በሦስት ወር ይደርሳል። ፍሬው ግን ትንሽ ነው፣ አልዋሽሽም።»

ትንሽ ፍሬ ይበላል፤ ትልቅ ስዕል አይበላም። ገዛሁ።

ዝናቡ እንደ ልማዱ መጥቶ ሳይቀመጥ ሄደ። የእኛ በቆሎ ግን ቀድሞት አሽቶ ነበር። የልጄን ገንፎ አስቀርተን የተረፈውን ሸጥን፤ አማቼም የታናሽየውን ስም ዳግም አላነሱም። እኔ ደግሞ ደስ ሲለኝ አፌ አይያዝም፤ ሰፈሩን ሁሉ «ለእናቱ የሰጣትን ጠይቁት» እያልኩ ዞርኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

ዘንድሮ ሱቁ ብቅ ብል፣ መሬት ያላት ሴት ሁሉ ተሰልፋ ስለ ነስሩ እናት ትጠይቃለች። ያ ከረጢት ከጥጉ ወጥቶ መሀል ቆሟል። ዋጋው ባለ ስዕሉን አልፎታል።

«ምነው ነስሩ?» አልኩት።

«አንቺ ነሽ ያስወደድሽው። እናቴም በዚሁ ዋጋ ነው የወሰደችው፣ ወላሂ።»

ይህችን እንኳ አላመንኩትም። ያ ዘር ከራስ ምርት ተመርጦ ተመልሶ የሚዘራ ዓይነት ነው፤ እናቱም እንደ እኔ ለዘር የሚሆነውን ምርጥ ምርጡን በቆሎ ከነሽፋኑ ጣሪያ ስር ሰቅላዋለች። ግን ሰው ፊት አላሳፈርኩትም፤ ነጋዴ ነው፣ ይነግድ። እኔም የሄድኩት ዋጋ ልሰማ ብቻ ነበር።